መራመድን መልሶ ስለ መማር

ሰው ጤነኛ ሳለ ስለ አረማመዱ አያስብም። ውሃ ሲቀዳ፣ ወደ ገበያ ሲወርድ፣ ዳገት ሲወጣ እግሩ በራሱ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገር ግን በአደጋ ወይም በበሽታ ምክንያት እግሩ ሥራውን ያቆመ እንደ ሆነ፣ መራመድ ምን ያህል ብዙ ሥራ የተሰበሰበበት ነገር እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይገነዘባል። ወገኖቹም ይገነዘባሉ፤ ምክንያቱም አራሹ ካልተራመደ እርሻው ይቆማል፤ ተማሪው ካልተራመደ ትምህርቱ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ መራመድ እንዴት እንደሚሆን፣ በአገራችን የአካል ተሐድሶ ሥራ ምን እንደሚመስል፣ ሮቦት የሚባለው መሣሪያና በሰውነት ላይ የሚታሰረው መለኪያ ምን እንደሚሠሩ በቅደም ተከተል ለመግለጽ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጽሑፌን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የተዳከመ እግርን ወደ ሥራው የሚመልሰው በሚገባ የተለካና ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ልምምድ ነው። ከምርኩዝ እስከ ሮቦት ያለው መሣሪያ ሁሉ የዚህ ልምምድ አገልጋይ ነው። ስለዚህ ለወለጋ ከተሞችና ገጠሮች ከውዱ ሮቦት ይልቅ ርካሹ መለኪያ ቀድሞ ሊደርስልን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

፩. መራመድ እንዴት ይሆናል?

አንድ እግር መሬት ከረገጠበት ጊዜ ጀምሮ ያው እግር እንደ ገና መሬት እስኪረግጥ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ የእርምጃ ዙር ይባላል። ጤነኛ ሰው በተለመደው ፍጥነቱ ሲራመድ ከዚህ ዙር 60 ከመቶ ያህሉን እግሩ መሬት ላይ ቆሞ ክብደት ይሸከማል፤ በቀረው 40 ከመቶ ያው እግር ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት ይወረወራል። በእያንዳንዱም ዙር ሁለት ጊዜ ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ መሬት ይነካሉ። ሰው ሲሮጥ ግን ይህ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ጊዜ ፈጽሞ ይጠፋል።

በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ እግር ሦስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛ ሰውየው እንዳይወድቅ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሦስተኛ ሰውነትን ወደ ፊት ይገፋል። ለመግፋት የሚያገለግለው ትልቁ ኀይል የሚመጣው ከባት ጡንቻ ነው፤ ተረከዛችን ከመሬት ሲነሣ ባታችን ምን ያህል እንደሚጠነክር በእጃችን ዳስሰን ልናውቀው እንችላለን።

ይህን ሁሉ የሚያዘው አንጎል ነው። ትእዛዙ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ በነርቮች ወደ ጡንቻ ይደርሳል። ከእግር መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት ደግሞ «መሬቱ ሻካራ ነው፤ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋይ አለ» የሚል ወሬ ወደ አንጎል ይመለሳል። ትእዛዝ ወደ ታች፣ ወሬ ወደ ላይ ሲመላለስ መራመድ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ የተቋረጠ እንደ ሆነ ጡንቻው ደኅና ቢሆንም እግር አይታዘዝም። በኋላ ስለ መለኪያዎች ስናገር ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ መለኪያ ማለት በአጭሩ የጠፋውን ወሬ የሚመልስ መሣሪያ ነውና።

፪. መራመድ የሚታጎልባቸው ምክንያቶች

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። የመኪናና የሞተር ብስክሌት አደጋ፣ ከዛፍ ላይ መውደቅ፣ የጥይትና የፈንጂ ጉዳት፣ የስኳር በሽታ ያመጣው የእግር ቁስል፣ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣው ስትሮክ፣ እንዲሁም አብሮ የሚወለድ የእግር መቆልመም ይገኙባቸዋል። በቀድሞ ዘመን የልጅነት ልምሻ የሚባለው የፖሊዮ በሽታ ብዙ ሰዎችን ጎድቶ አልፏል፤ ዛሬ በክትባት ኀይል እጅግ ቀንሷል።

አንድ ምክንያት ግን በቤታችን ልንከለክለው ስለምንችል ለብቻው ላንሣው። በአገራችን አጥንት የተሰበረበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ማለት ባለሙያ ማለት ነው፤ ወጌሻም በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው። ብዙ ወለምታም አቃንቷል። ነገር ግን ስብራቱ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ታስሮ ማሰሪያው ከመጠን በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ፣ እግሩ ሲያብጥ ደም መዘዋወር ያቆማል። ደም ያላገኘ ሥጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ይሞታል፤ ሐኪሙም ነፍስን ለማዳን እግሩን ለመቁረጥ ይገደዳል። እንዲህ ያለ ጉዳት በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይታያል።

ምልክቶቹን ማወቅ ለማንም ሰው ይጠቅማል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየበረታ መሄድ፣ ጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መንጣት ወይም መጥቆር፣ ጣትን ለማንቀሳቀስ አለመቻል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የታየ እንደ ሆነ «እስከ ነገ እንየው» ሳይባል ማሰሪያው ወዲያው መላላትና በሽተኛው ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ከሮቦት ሁሉ የሚበልጠው እግር ያልተቆረጠው እግር ነው።

፫. በአገራችን ያለው የተሐድሶ ሥራ

በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን ለመርዳት የተቋቋሙ ቦታዎች ዕድሜያቸው ረዘም ያለ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በመናገሻ ያለው የቼሻየር አገልግሎት ሥራውን የጀመረው በ1962 ነው። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ ክልሎች ያሉትን የአካል ተሐድሶ ማዕከሎች በዕቃ፣ በሥልጠናና በምክር ሲደግፍ ቆይቷል። ከእነዚህ ማዕከሎች አንዱ የሚገኘው በዚሁ በነቀምቴ ከተማችን ነው።

በእንዲህ ያለ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እገልጻለሁ። በመጀመሪያ ባለሙያው ከተቆረጠ በኋላ የቀረውን የእግር ክፍል በጄሶ በተነከረ ፋሻ ይጠቀልላል። ጄሶው ሲደርቅ ያወልቀውና በውስጡ እንደ ገና ጄሶ ያፈስበታል፤ በዚህ ጊዜ የእግሩ ምስል ይገኛል። ይህን ምስል ክብደት ሊሸከም በሚችለው ቦታ ላይ ይፍቀዋል፤ አጥንት ቅርብ በሆነበትና በሚያምመው ቦታ ላይ ግን ይጨምርበታል። ከዚያም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በምድጃ እስከ 180 ዲግሪ ያህል አሙቆ በምስሉ ላይ ያለብሰዋል፤ አየሩንም መጥጦ ያጣብቀዋል። እግሩ የሚገባበት ማቀፊያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በመጨረሻ ማቀፊያው ከአገዳውና ከጎማው የእግር መዳፍ ጋር ይገጠማል።

ፖሊፕሮፒሊን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ «ማዳበሪያ» የምንለው የእህል ጆንያ የሚሸመነው ከዚሁ ነው። ርካሽ ነው፤ ውሃና ጭቃ አያበላሸውም፤ ሲያስፈልግም እንደ ገና በእሳት ተሙቆ ይስተካከላል። የቀይ መስቀል ኮሚቴ ይህን አሠራር በማስፋፋቱ በ2004 ከዓለም አቀፉ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎች ማኅበር የብሪያን ብላችፎርድን ሽልማት አግኝቷል።

እግሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ሥራው ገና እኩሌታው ነው። በሽተኛው በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ቆሞ ክብደቱን ማሳረፍ ይማራል፤ ቀጥሎ በክራንች፣ ከዚያ በከዘራ፣ በመጨረሻም በደረጃና በዳገት ላይ ይለማመዳል። ይህም ሲያልቅ ክትትል አለ። የዐዋቂ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ያስፈልገዋል፤ ልጅ ግን ስለሚያድግ በየዓመቱ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ አዲስ ይሻል። ከደምቢ ዶሎ እስከ ነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አባት ልጁን ይዞ በየጊዜው ይህን መንገድ ለመመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብና የሥራ ቀን ይከስራል። ስለዚህ ማቀፊያው ሲጠብበትና ሲያቆስለው ልጁ እግሩን አውልቆ ጥግ ላይ ያቆመዋል፤ ተመልሶም በምርኩዝ ይሄዳል። የተሐድሶ ሥራ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በማዕከሉ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ከግቢው ከተወጣ በኋላ።

፬. የሻምበል አበበ ቢቂላ ምሳሌ

ስለ ተሐድሶ ሲነገር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በ1960 በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ውድድር ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይነገርም። በመጋቢት ወር 1969 በመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ በመጀመሪያም እጆቹን እንኳ ለማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ።

ይህን የሕክምና ክፍል በ1944 ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ዕድሜ አይኖርም ይባል ነበር። እርሳቸው ግን በሽተኞቹ እንዳይቆስሉ በየጥቂት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ የቀረላቸውንም ጡንቻ በየቀኑ እንዲያሠሩ፣ በስፖርትም እንዲወዳደሩ አደረጉ። አበበም ለወራት በተደረገለት ሕክምናና ልምምድ እጆቹ ተመለሱለት። በ1970 በዚያው ቦታ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። በ1973 እስኪሞት ድረስ እግሮቹ አልተመለሱለትም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን ሮቦት ሳይኖር በልምምድ ብቻ ከአልጋ እስከ ውድድር ሜዳ መድረስ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ልምምድ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነገር መኖሩ ነው። የኋለኞቹ መሐንዲሶች መሥራት የጀመሩት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

፭. ለመራመድ የሚረዱ ሮቦቶች

ሮቦት ሲባል ብዙዎቻችን በ2018 ወደ አዲስ አበባ መጥታ የነበረችውን፣ የሰው ፊት ያላትን ሶፊያን እናስባለን። ለተሐድሶ የሚያገለግለው ሮቦት ግን ፊትም ምላስም የለውም። ሮቦት ማለት ሦስት ነገር ያለው መሣሪያ ነው፤ የሚለካ ክፍል፣ የሚያሰላ ትንሽ ኮምፒዩተርና የሚያንቀሳቅስ ሞተር። ለመራመድ የሚረዱት በሦስት ዐይነት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ዐይነት በሆስፒታል ውስጥ የሚቆም የልምምድ መሣሪያ ነው። ከእነዚህ ዝነኛው በስዊዘርላንድ በዙሪክ የተሠራው ሎኮማት ነው። በሽተኛው በማንጠልጠያ ተይዞ ከሥሩ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ይቆማል። ሞተር ያላቸው ሁለት ክንዶች እግሮቹን ይዘው ያራምዱታል። ማንጠልጠያው ከክብደቱ የተወሰነውን ስለሚሸከምለት ሳይወድቅ ብዙ እርምጃ ይለማመዳል። ያለ ማሽኑ ይህን ለማድረግ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ጎንበስ ብለው እግሮቹን በእጃቸው ማንቀሳቀስ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ዐይነት ሰው የሚለብሰው የውጭ አጽም ነው። ከወገብ እስከ እግር መዳፍ የታሰረ ብረት ሆኖ በዳሌና በጉልበት ላይ ሞተር አለው። ሪዎክ የተባለው፣ በእስራኤላዊው መሐንዲስ በአሚት ጎፈር የተፈለሰፈው መሣሪያ፣ በ2014 በአሜሪካ በቤት ውስጥ እንዲሠራበት ተፈቅዷል። ጎፈር ራሱ ከአደጋ በኋላ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ነው፤ የመጀመሪያው መሣሪያው ጠንካራ ክንድ ለሚፈልግ ክራንች የተሠራ ስለ ሆነ እርሱ ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም። በጃፓን ደግሞ ፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ የሠሩት ሃል የተባለው መሣሪያ ጡንቻ ሊንቀሳቀስ ሲያስብ በቆዳ ላይ የሚታየውን ደካማ ኤሌክትሪክ አንብቦ ሞተሩን ያዝዛል።

ሦስተኛው ዐይነት የተቆረጠ እግርን የሚተካ ነው። የጀርመኑ ኦቶ ቦክ ኩባንያ በ1997 ሲ ሌግ የተባለውን ጉልበት አወጣ። ይህ ጉልበት የሰውየውን ክብደትና የጉልበቱን መታጠፍ በሰከንድ 50 ጊዜ እየለካ መቼ ጠንክሮ መቆም፣ መቼ ላልቶ መታጠፍ እንዳለበት ይወስናል። በአሜሪካም ፕሮፌሰር ሂዩ ኸር አሉ። በ1982 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳሉ በተራራ ላይ በበረዶ ተይዘው ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ተቆረጡ። በኋላ መሐንዲስ ሆነው ሞተር ያለው ቁርጭምጭሚት ሠሩ። ከላይ እንደ ተናገርሁት ሰውነትን የሚገፋው ባት ነው፤ ባት የሌለው ተራ ሰው ሠራሽ እግር ግን ከዚህ ኀይል ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ተጠቃሚው በእኩል ፍጥነት ለመሄድ ከጤነኛ ሰው ከ10 እስከ 30 ከመቶ የሚበልጥ ጉልበት ያወጣል። ሞተሩ የጎደለውን ይጨምርለታል።

እነዚህ ሁሉ የሚያስደንቁ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን በነቀምቴ አቀበት ላይ እናስባቸው። የሚለበሰው አጽም 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዋጋው በአሥር ሺህዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ባትሪውም በየጊዜው መሞላት አለበት። የተሠራው ለለሰለሰ ወለል ነው። የክረምት ጭቃ፣ የኮብልስቶን ቁልቁለትና የመብራት መቋረጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከጥቅም ውጭ ሊያደርጉት ይችላሉ። አንድ ብሎን ቢጎድል እንኳ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ይመጣል።

ደግሞም ማሽን ሁልጊዜ ከሰው እንደማይበልጥ በጥናት ታይቷል። በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ስትሮክ የያዛቸውን 408 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ከፊሎቹ በማንጠልጠያ ተደግፈው በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ተለማመዱ፤ ሌሎቹ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየሄደ በተራ መንገድ አለማመዳቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ የሁለቱ ወገኖች መሻሻል እኩል ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ማሽን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሌሎች ጥናቶች ፈጽሞ መራመድ ለማይችሉና ስትሮኩ ከያዛቸው ሦስት ወር ላልሞላቸው ሰዎች ማሽኑ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲጣመር እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ዋናው ፍሬ ግን በባለሙያ የታረመ ተደጋጋሚ ልምምድ መሆኑን ያስረዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን በዚህ ነገር ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

፮. በሰውነት ላይ የሚታሰሩ መለኪያዎች

አሁን ወደ መለኪያዎቹ እንምጣ። ሴንሰር የሚባለው ነገር በሮቦት ውስጥ የሚለካው ክፍል ነው። ነገር ግን ከሮቦቱ ተለይቶ ለብቻው በእግር፣ በወገብ ወይም በጫማ ውስጥ ሊታሰር ይችላል። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

ሀ) አክሰለሮሜትር። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በአውቶቡስ ስንሄድ ሾፌሩ በድንገት ሲነሣ ጀርባችን ወደ ወንበሩ ይጫናል፤ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ ፊት እንገፋለን። ዐይናችንን ጨፍነን እንኳ መኪናው መፍጠኑን ወይም መቆሙን በሰውነታችን እናውቃለን። በአክሰለሮሜትር ውስጥም ከጤፍ ቅንጣት የሚያንስ የሲሊኮን ክብደት በቀጭን ስፕሪንግ ላይ ተንጠልጥሏል። እግር ሲንቀሳቀስና መሬት ሲመታ ይህ ክብደት እንደ ተሳፋሪው ወደ ኋላና ወደ ፊት ይገፋል፤ መገፋቱም በኤሌክትሪክ ይለካል። በዚህም እርምጃ ይቆጠራል።

ለ) ጋይሮስኮፕ። ይህ አንድ ነገር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር ይለካል። በቅልጥም ላይ ቢታሰር እግሩ ወደ ፊት ሲወረወር ስንት ዲግሪ እንደ ዞረ ለማስላት ያስችላል። በዚህ አንዱ እግር ከሌላው አንሶ መወርወሩ ይታወቃል።

ሐ) የግፊት መለኪያ። ቀጭን ሆኖ በጫማ ውስጥ ይነጠፋል። ሲረገጥ የኤሌክትሪክ ኀይልን የማሳለፍ ችሎታው ስለሚለወጥ ክብደቱ በተረከዝ ላይ ይሁን በጣት ያሳውቃል። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ ለደነዘዘ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ የደነዘዘ እግር ሲቆስል አያምምምና መለኪያው በሕመም ፈንታ ያስጠነቅቃል። ቀደም ሲል የጠፋ ወሬ ያልሁት ይህ ነው።

እነዚህ ቅንጣቶች ለብቻቸው ሲገዙ ብዙዎቹ ከጥቂት ዶላር አይበልጡም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዙ ስማርት ስልኮች ውስጥ ስላሉ ብዙዎቻችን ሳናውቀው በኪሳችን ይዘናቸው እንዞራለን።

፯. ያለ መሣሪያ የሚሠራ ልኬት

ትምህርቱ በሥራ እንዲገባን አንድ ቀላል ልኬት ላሳይ። በሜዳ ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱ ጫፍ ምልክት አድርጉ። ተራማጁ መጀመሪያውን ምልክት ከማለፉ በፊት ጥቂት እርምጃ ይራመድ። ከምልክት እስከ ምልክት የፈጀበትን ሰከንድ ያዙ፤ እርምጃውንም ቁጠሩ።

እንበል አንድ ሰው 10 ሜትሩን በ25 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ 10 ሲካፈል ለ25፣ ማለት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ከወር በኋላ በ12.5 ሰከንድ ቢጨርስ በሰከንድ 0.8 ሜትር ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጃክሊን ፔሪና ባልደረቦቻቸው በ1995 ስትሮክ በያዛቸው ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፍጥነቱ ከ0.4 በታች የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤት አይወጣም፤ በ0.4 እና በ0.8 መካከል ያለው በሠፈር ውስጥ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ከ0.8 በላይ የሆነው ገበያና ጎረቤት ለመሄድ ይችላል።

የእግሮችንም መተካከል ማስላት ይቻላል። እንበል ሰውየው በደኅናው እግሩ 0.70 ሰከንድ፣ በታመመው 0.49 ሰከንድ ይቆማል። 0.49 ሲካፈል ለ0.70 0.7 ነው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ መልሱ 1 ይሆን ነበር። ስለዚህ ሰውየው የታመመውን እግር ይፈራዋል ማለት ነው። ይህን የሰዓት ልዩነት ዐይን በቀላሉ አያየውም፤ ሴንሰር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ይመዘግበዋል። ባለሙያውም «ማቀፊያው እዚህ ጋ ሳይነካው አይቀርም» ብሎ ቁስል ከመፍጠሩ በፊት ያስተካክለዋል።

፰. ለእኛ የትኛው ይቀድማል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት መግለጫ በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች አንድ ወይም ከአንድ በላይ የመርጃ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በሀብታም አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች 90 ከመቶ ያህሉ ሲያገኙ በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኙት 3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሮቦት መቼ ይመጣል?» መሆን የለበትም። ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበርና ልክ የሆነ ሰው ሠራሽ እግር ለሚያስፈልገው ሁሉ ይድረስ፤ ከደረሰም በኋላ ጥግ ላይ እንዳይቆም ክትትል ይኑር። መለኪያው የሚጠቅመን በዚህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ለምሳሌ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ያለ በሽተኛ በሳምንት አንድ ቀን በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መለኪያው ታስሮለት 10 ሜትር ቢራመድ፣ ቁጥሩ በአጭር የስልክ መልእክት ነቀምቴ ላለው ባለሙያ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ደኅና ከሆነ በሽተኛው ባለበት ልምምዱን ይቀጥላል፤ የወረደ እንደ ሆነ ይጠራል። 300 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ሰው ሳይሆን ቁጥሩ ይሆናል ማለት ነው።

ሆኖም መጠንቀቅ ያሻል። በባዶ እጁ በለሰለሰ ወለል ላይ የሚሄድ ሰውና 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለት የምትወርድ እናት አንድ ዐይነት አረማመድ የላቸውም። ሌላ ቦታ የተሠራው ስሌት እዚህ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ መለኪያው በእኛ መንገድ፣ በእኛ ሸክምና በእኛ ክረምት መፈተን አለበት፤ ይህን ፈተና ደግሞ ከእኛ በቀር ማንም አይሠራልንም። ሌላም ነገር አለ፤ ቁጥር የባለሙያን እጅ አይተካም። ሕመምን ጠይቆ የሚረዳ፣ ተስፋ የቆረጠውን የሚያጽናና ሰው ነው።

፱. ማጠቃለያ

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ሕግ ግን የሚሠራው ሰው ሲሠራበት ነው። መወጣጫ በሌለው ደረጃ ፊት ሮቦት የለበሰም፣ ክራንች የያዘም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለም እኩል ይቆማሉ። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሠራ አንድ የሲሚንቶ መወጣጫ ከብዙ ማሽን ይበልጣል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ የፊዚክስ ትምህርት ስንማር ፍጥነትና ኀይል በሰሌዳ ላይ የሚቀሩ ፊደላት ይመስሉናል። እነሆ በዚያው ቀመር አንድ ሰው ገበያ ለመሄድ ይችል ወይም አይችል እንደ ሆነ ይታወቃል። በዚሁ በነቀምቴ በ2007 የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ይሰጣል። ከመካከላችን አንዱ ሴንሰሩን ቢሠራ፣ ሌላዋ ስሌቱን ብታስተካክል፣ ሌላው ማቀፊያውን የሚፍቅ ባለሙያ ቢሆን ሥራው ይሟላል።

እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለው አለ። በቤታችን የታሰረ ስብራት ካለ ጣቶቹን ዳስሰን እንይ። በሠፈራችን ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ጥግ ያቆመ ሰው ካለ ለምን እንደ ተወው እንጠይቀው፤ ወደ ማዕከሉ እንዲመለስም እንርዳው። ልምምድ ላይ ላለ ጎረቤታችን ደግሞ 10 ሜትር ለክተን፣ ሰዓት ይዘን፣ ቁጥሩን በደብተር እንጻፍለት። ከሳምንት ሳምንት ሰከንዱ እየቀነሰ ሲሄድ ሲያይ፣ ነገም ተነሥቶ ለመራመድ ምክንያት ያገኛል።